የሴቻው ጣቢያ ሹም

ጡረታ የሚወጣው ሰውዬው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። የሚጠራጠር ካለ የፈለገው ከተማ ሄዶ ይይ። ጡረታ የወጣ መምህር ባለበት ሰፈር ፊደል ገድፎ ማስታወቂያ የሰቀለ ባለ ሆቴል በማግስቱ መሰላል የተሸከሙ ሽማግሌ ይመጡበታል። ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ በገዛ ልጁ ሠርግ ሙሽሪትን ትቶ መኪና ያሰልፋል። ጡረታ የወጣች ነርስ ለቅሶ ቤት ገብታ የሐዘንተኛውን ደም ግፊት ለክታ ትወጣለች።

እነዚህ ሁሉ ይቻላሉ። መኪናም፣ ማስታወቂያም፣ ደም ግፊትም በአገሩ አለ። የእኛ ዕጣ ግን ከሁሉም ከበደ። አርባ ምንጭ ሃዲድ የለም። ሰፈራችን ሴቻ ከሚኖረው ሰው አብዛኛው ባቡር በዓይኑ አላየም። እኛ ሰፈር የደረሱን ጡረተኛ ታዲያ የምድር ባቡር ሰው ናቸው።

ክቡር የጣቢያ ሹም ጋሽ ባዘዘው በሥራ ዘመናቸው የጣቢያ ሹም ሆነው አያውቁም። ድሬዳዋ፣ ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ብረት ሲሞርዱና ሲበይዱ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። የሰጠናቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን በክብር ተቀበሉት፤ ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ሳያደርጉ ከግቢያቸው ወጥተው አያውቁም። ወደ አርባ ምንጭ የመጡት በጎልማሳነታቸው፣ በፋብሪካ መካኒክነት ተቀጥረው ነው። የዶርዜ ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ አገርነሽን አግብተው፣ ወልደው፣ ድረው፣ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ስለዚያ ሃያ ዓመት አንድ ቃል ሲያወሩ የሰማ የለም። ወሬያቸው አንድ ነው፤ "በምድር ባቡር ቢሆን ኖሮ።"

መብራት ሲጠፋ፣ በምድር ባቡር ቢሆን ኖሮ ከሁለት ቀን በፊት ይነገር ነበር። የዕድር ስብሰባ ሃያ ደቂቃ ሲዘገይ፣ በምድር ባቡር ቢሆን ኖሮ ሊቀ መንበሩ ደመወዙ ይቆረጥ ነበር። የዕድር ሊቀ መንበር ደመወዝ የለውም ቢባሉ "ስህተቱ እዚያ ላይ ነው" ይላሉ። አንድ የሰፈራችን ሙሽራ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁትና ሳይስሙት በፊት የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩት። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ። ሙሽራው አንገቱን ደፍቷል።

ተሳስተዋል ብሎ ነገር ደግሞ የለም። አንድ የምህንድስና መምህር ስለ ባቡር ጎማ ሊያርማቸው ሞክሮ፣ አልሰማ ሲሉት ስልኩን አውጥቶ ከኢንተርኔት አነበበላቸው። እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጡት። ከዚያ ስልክህ ምድር ባቡር የተቀጠረው መቼ ነው ብለው ጠየቁት። መምህሩ እስከ ዛሬ በእኛ መንገድ አያልፍም።

ይህም ሁሉ ባልከፋ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ጋሽ ባዘዘው ሰርቪስ ክፍላቸውን ባዶ አደረጉና ባቡር መሥራት ጀመሩ። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም፤ ግን እውነተኛ ውኃ የሚያፈላና በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄድ ባቡር ነው። አባታቸው በዚያ በእንፋሎቱ ዘመን የባቡሩን እሳት የሚያነዱ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሽ ባዘዘውም ያንን ባቡር ያዩት ገና በሕፃንነታቸው፣ በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ነው። አሁን እሱኑ ከነመስመሩ ሊመልሱት ተነሡ። መስመሩ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሁርሶን፣ ኤረርን፣ አፍደምንና ሚኤሶን አልፎ አዋሽ ይገባል። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ድሬዳዋ በሩ አጠገብ ናት፤ አዋሽ መስኮቱ ሥር።

ሃዲዱ የተሠራው ከዣንጥላ ሽቦ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ በሰፈራችን ደህና ዣንጥላ ጠፋ። ንፋስ የሚገለብጠው ዣንጥላ ካዩ ዝናቡ ውስጥ ቆመው "ተሰበረ?" ብለው በተስፋ ይጠይቃሉ። ከሃዲዱ ሥር የሚጋደሙትን እንጨቶች ከቀርከሃ እየሰነጠቁ አንድ በአንድ ደረደሯቸው፤ ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ቀጠሮ እንዳለው አስቀድሞ ቢናገር ይሻለዋል። ከመስመሩ ጎን የሚነሣው የጨርጨር ተራራ ደግሞ የወይዘሮ አገርነሽ ጋቢ ነው። እናታቸው ከዶርዜ ያመጡላቸውን ጋቢ ጋሽ ባዘዘው ጀሶ ውስጥ ነክረው በሽቦ ላይ ዘረጉት። ወይዘሮዋ ከመዘምራን ልምምድ ሲመለሱ ጋቢያቸው ተራራ ሆኖ ጠበቃቸው። ሦስት ቀን ዝም አሏቸው። በአራተኛው ቀን ለባለቤቴ ለሚሪያም እንዲህ አሏት፦

"ሌላ ሴት ቢይዝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ከባቡር ጋር ምን ብዬ ልጣላ?"

ከሁሉ ያስቸገረው ውኃው የሚፈላበት ቦይለር ነው። የመጀመሪያውን ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሠሩት። እንፋሎቱ ሲበረታ ፈነዳና ክዳኑ ጣሪያ በስቶ ወጣ፤ ሰፈሩ ትራንስፎርመር የፈነዳ መስሎት የማቀዝቀዣውን ሶኬት ሁሉ ነቀለ። ወፍራም የነሐስ ቱቦ ያስፈልግ ነበር። ላንቴ የሚኖር ኦይታ የሚባል ሙዝ አምራች አሮጌ የነሐስ መድኃኒት መርጫ አለው ሲባል ሰሙና ቅዳሜ ጠዋት እኔን ከቤቴ አውጥተው በባጃጅ ወሰዱኝ። ለምን እንደሚወስዱኝ አልተነገረኝም። በኋላ እንደገባኝ ምስክር እንድሆን ነው።

ኦይታ ሙዙን ውኃ እያጠጣ ነበር። ጋሽ ባዘዘው ቦዩ ዳር ቆመው ስለ እንፋሎት ጉልበት አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱት። ሰውዬው አካፋውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሙዝ ይጭናል ወይ?

ጋሽ ባዘዘው አሰቡበት። "ሁለት ፍሬ" አሉ፤ ቀልዳቸውን አልነበረም።

ኦይታ መርጫውን ሰጣቸው፤ አንድ ዘለላ ሙዝም ጨመረበት። ሲያልቅ ጥሩኝ ብሎ አሰናበተን። በእርግጥም ከአራት ወር በኋላ ተጠርቶ መጣ። ባቡሩ ሁለት ሙዝ ጭኖ፣ እያፏጨና ውኃ እያንጠባጠበ፣ ከድሬዳዋ ሁርሶ ገባና እዚያው ቆመ። ኦይታ አጨበጨበ። ጋሽ ባዘዘው ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሡ።

እኔ ግን ከላንቴው ጉዞ ወዲህ መሸሽ ጀመርኩ። ከቢሮ ስመለስ በእሳቸው በር እንዳላልፍ በታችኛው መንገድ እዞራለሁ። ስለ ሰው የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲያወራኝ መሸሽ አይገባኝም ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ሚኤሶ ላይ ስለነበረ አንድ ብሎን ስንት ጊዜ ሊሰማ ይችላል?

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴን፣ ወይዘሮ ሻሺቱን፣ ከአዳማ አመጣኋት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። አብራት ትኖር የነበረችው እህቴ ሞተች፤ እናቴ ደግሞ ብቻዋን የምትቀመጥ አልሆነችም። መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ የረሳችው ድስት መጣዷን ነው። ቀጥሎ የእህቴን መሞት ረሳች። ቀጥሎ እኔን።

እናቴ ያደገችው ኤረር አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ላይ ነው። እናቷ ለመንገደኛ መንደሪን ይሸጡ ነበር፤ እሷም በሰባት በስምንት ዓመቷ ቅርጫት ታቅፋ በባቡሩ መስኮት ሥር ትሮጥ ነበር። ይህን ለጋሽ ባዘዘው አልነገርኳቸውም። የረሳሁት አይደለም። ከሰሙ ከቤቴ አይወጡም ብዬ ፈርቼ ነው።

እናቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሁለት ቀሚስ በሻሽ ቋጥራ በሩ ላይ ትቆማለች። "ባቡሩ ያመልጠኛል፤ ቤቴ ልሂድ" ትላለች። እኛም በየቀኑ እንመልሳታለን። እዚህ ባቡር የለም እንላታለን። ቤትሽ ይሄ ነው እንላታለን። ሚሪያም ሻይ ታቀርባለች። እኔ አንድ ቀን ካርታ አምጥቼ አርባ ምንጭ የት እንደሆነ አሳየኋት፤ ካርታ ያሳየሁት የገዛ ልጇን ስም ለጠፋባት ሴት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ጮህኩባት። ቋጠሮዋን አቅፋ "ምን አጠፋሁ? ለምን ታስሩኛላችሁ?" እያለች አለቀሰች። ሲመሽ ትረሳዋለች። እኔ አልረሳውም።

አንድ የግንቦት ሐሙስ ቀን ሚሪያም ጓሮ ልብስ ስታሰጣ የውጭው በር ክፍት ነበር። ስትመለስ እናቴ የለችም። ቢሮ ሳለሁ ደወለችልኝ። ጌዲዮን የሚባል የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ይዞኝ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ መነኸሪያ ወረድን፤ ነጠላ የለበሰች፣ ቋጠሮ የያዘች አሮጊት አይታችኋል ወይ እያልኩ ለሐዋሳ የሚጫነውን ሁሉ ጠየቅሁ። ሆስፒታል ሄድን። የጫኖን መንገድ ሄደን ተመለስን። ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ሲያልፈን ዓይኔን እጨፍን ነበር። ስልኬ ባትሪው አለቀ። ሁለት ሰዓት ያህል ከዞርን በኋላ ለፖሊስ ላመለክት ስመለስ ወይዘሮ አገርነሽ መንገድ መሃል ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ባጃጁን አስቆሙት። እናትህ እኛ ቤት ናቸው፤ ስደውል ስልክህ እምቢ አለ፣ አሉኝ።

የሆነውን እየገባን ነገሩኝ። እናቴ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ጣቢያው የት ነው እያለች ስትጠይቅ ነበር። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ መነኸሪያውን ጠቆማት። ጋሽ ባዘዘው ኮፍያቸውን አድርገው እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ቆመዋል። እሷም እንደ ሌላው ጠየቀቻቸው። በዚህ ከተማ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ኮፍያቸውን አወለቁና "እዚህ ነው፤ ይግቡ" አሏት።

ስገባ እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቋጠሮው ጉልበቷ ላይ ነው። እጇ ውስጥ ከካርቶን የተቆረጠ ቲኬት አለ። ጋሽ ባዘዘው ጎንበስ ብለው ከቦይለሩ ሥር አልኮል ያቀጣጥላሉ። እፎይታው ወደ ቁጣ ሊዞርብኝ ጀመረና "እማዬ፣ ባቡር የለም ብዬሽ..." ስል እሳቸው ቀና ሳይሉ እጃቸውን አነሡ።

"መንገደኛ አታስጨንቅ። ዘጠኝ ተኩል ነው የሚነሣው። ገና ሩብ ሰዓት አላቸው።"

እናቴ ባለጌ መንገደኛ እንዳየች ሁሉ አየችኝና ፊቷን ወደ ሃዲዱ መለሰች። እጆቿን አየሁ። ለወራት ነጠላዋን ሲጎትቱና ሲፈትሉ የነበሩት እጆች አርፈዋል።

ባቡሩ አፏጨ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ተነሣ። ሁርሶን አለፈ። ኤረርን ለቅቆ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ሲደርስ እንፋሎቱ አለቀና ቆመ። ጋሽ ባዘዘው እዚህ ሁልጊዜ ውኃ ይሞላል ብለው ሊያስረዱ ሲጀምሩ እናቴ ቋጠሮዋን አስቀምጣ ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ ትንሿን ጣቢያ፣ ከጎኗ የቆመውን የውኃ ጋን፣ ዛፉንና ተራራውን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች።

"ውኃው ቦታው አይደለም" አለች።

ወይዘሮ አገርነሽ በሩ ላይ ቆመው ወደ እኔ ዞር አሉ። የምህንድስናው መምህር የደረሰበትን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ባዘዘው እንዴት ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

"በተራራው ወገን ነው የነበረ። ውኃው ከተራራ ነው በቱቦ የሚመጣው። እርስዎ ከሜዳው ወገን አቆሙት። ውኃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?"

ከዚያ ያ በወራት ውስጥ ከሦስት ቃል በላይ ያልቀጠለ አንደበት ተፈታ። ሻጮቹ የሚቀመጡት በውኃው ጋን ጥላ ሥር እንደነበር ነገረችን። መጀመሪያ የእሷ እናት፣ ቀጥሎ የፍየል ወተት የምትሸጠዋ፣ ዳር ላይ ሁለት እህትማማቾች። ባቡሩ ውኃ ሲሞላ እሳት የሚያነዱት ሰዎች፣ ፊታቸው ጥላሸት የለበሰ፣ በቱቦው ሕፃናቱን ይረጩ ነበር። ሙቀት ነው፤ ደስ ይላል። እናቷ መንደሪኑ ይበላሻል ብለው ይቆጡ ነበር።

ጋሽ ባዘዘው አግዳሚው ላይ፣ ቋጠሮዋ አጠገብ ተቀመጡ። እሳት ከሚያነዱት አንዱ አባታቸው እንደነበሩ የምናውቀው እኛ ነን፤ እሷ አታውቅም፤ እሳቸውም አልነገሯት። ኮፍያቸውን በእጃቸው ሲያዞሩት ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ጉጠት አመጡና፣ ስንት ዓመት በማጣበቂያ የከረመውን ጋን ከነመሠረቱ ነቀሉት። ከጀሶው ተቆርሶ ሜዳው ላይ ጉድጓድ ቀረ።

"እዚህ?" አሉ።

"ትንሽ ወደ ኤረር።"

"እዚህ?"

"እዚያ" አለች እናቴ። ነጠላዋን አስተካከለችና "ደረስኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ቋጠሮዋን አንሥታ፣ እጄን ይዛ ቤት ገባች። በመንገድ ላይ አላለቀሰችም። ያን ቀን እራቷን ጨርሳ በላች።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ወይም ሚሪያም እንወስዳታለን። ቲኬቷን ትቀበላለች፣ ትቀመጣለች፣ ባቡሩ ትንሿ ጣቢያ ሲደርስ ደረስኩ ብላ ትነሣለች። አልኮል ያለቀ ቀን ወይም ቦይለሩ ያስቸገረ ቀን ጋሽ ባዘዘው ፊቷ ቆመው "ሚኤሶ ላይ ዘግይቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን" ይላሉ። እሷም ምንም አይመስላትም፤ ባቡር እንደሚዘገይ ታውቃለች። ዘግይቶ የማያውቀው ምድር ባቡር መዘግየቱን ከራሳቸው አፍ የሰማሁ ቀን ጣሪያው ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሳይ ቆየሁ።

አንድ ቀን ላመሰግናቸው ብቻዬን ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ አዲስ ዣንጥላ ገዛሁላቸው። ከፈቱት፣ ሽቦውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩት፣ ጥሩ ብረት ነው አሉ። እኔም እናቴ የባቡር መስመር ልጅ መሆኗን ሆን ብዬ እንደደበቅኳቸው ተናዘዝኩ። በታችኛው መንገድ ስዞር ከቤታቸው መስኮት ያዩኝ እንደነበር ነገሩኝ፤ ሳቁ። አመሰግናለሁ ስል ግን ሳቃቸው ቆመ።

"የማመሰግነውስ እኔ ነኝ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት እዚህ ስናገር ኖርኩ። እናንተም እሺ፣ እሺ ትሉኛላችሁ። ያየ ሰው የለማ። በኋላ በኋላ እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ ይህን ሁሉ አይቼው ነው ወይስ ፈጥሬው? እናትህ መጥተው ውኃው ቦታው አይደለም አሉኝ። ያልነበረ ነገር ቦታው አይደለም አይባልም፣ ሸዋንዳኝ። እንዲህ ያለ እርማት ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት።"

ከወንበራቸው ተነሥተው ውኃ ሊቀዱ ወጡ። ቶሎ አልተመለሱም።

እናቴ አልዳነችም፤ እንዲህ ያለው ነገር አይድንም። ስሜን አታውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ባቡሩ እስኪሞቅ ስንጠብቅ፣ እናቴ ወደ ጋሽ ባዘዘው ዘንበል አለችና በጣቷ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ የማልሰማ መስሏት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አወራቻቸው።

"ይሄን ሰው ያውቁታል? በየቀኑ እስከዚህ ያደርሰኛል። አንድ ቀን ሰልችቶኛል ብሎኝ አያውቅም።"

ጋሽ ባዘዘው አየት አደረጉኝ።

"አውቀዋለሁ፣ እትዬ ሻሺቱ። የጥሩ ሰው ልጅ ነው።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

"ታዲያ ለእናቱ ይንገሯት እንጂ" አለች። "ደስ ይላታል።"